ስለ ኤኮኖሚ ድቀት፤ መንሥኤው፣ ውጤቱና የመንግሥት የማገገሚያ ሙከራ
(ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ ሲታይ)

«ድቀት» የሚለው ቃል በጋዜጣም በጨዋታም ደጋግሞ ይነሣል። ይሁን እንጂ ድቀት ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚሽር ለይቶ የሚያስረዳ ጥቂት ነው። እኛም የኤኮኖሚ ትምህርት በጀመርንበት ጊዜ ድቀት ሲባል የሚታየን እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ የጀመረው ታላቅ ውድቀት ብቻ ነበር፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌ አብዛኛው ከዚያ የተወሰደ ነውና። ቤት ስንገባ ግን እናቶቻችን ስኳርና ሳሙና በሰልፍ ስለ ገዙበት ዘመን ያወሩ ነበር። መጽሐፉና የእናቶቻችን ወሬ ስለ አንድ በሽታ የሚናገሩ መሆናቸውን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የደረሰውን ድቀትና ከዚያ ለመውጣት መንግሥት ያደረገውን ሙከራ ነው። ነገሩን የምናይበት ስፍራ የምናውቀው ሰፈር፣ ማለትም ቦሌና ከመገናኛ ወዲያ ያለው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ስንጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እንላለን።

፩. ድቀት ማለት ምን ማለት ነው?

በአጭሩ ድቀት ማለት የአንድ አገር ምርት እየቀነሰ፣ ሥራ እየጠፋ፣ ሕዝቡም ቀድሞ ይገዛው የነበረውን መግዛት የሚያቅተው ጊዜ ነው። አንድ ነጋዴ ቢከስር ወይም አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ ድቀት አይባልም። ድቀት የሚባለው ጉዳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ይኸውም የገበሬው ችግር ለነጋዴው፣ የነጋዴው ለፋብሪካው፣ የፋብሪካው ደግሞ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሲተርፍ ነው።

የድቀት ሁሉ መልክ ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ በታላቁ ውድቀት ጊዜ መጋዘኑ በዕቃ ተሞልቶ ሳለ የሚገዛ ጠፋ፤ ከሠራተኛው አንድ አራተኛ ያህሉ ሥራ አጥቶ ኪሱ ባዶ ነበርና። በእኛ አገር የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። ደመወዝተኛው በወሩ መጨረሻ ብሩን ይቀበላል፤ ይዞት ሲሄድ ግን ሱቁ ባዶ ነው። እዚያ ዕቃ ገዢ አጣ፤ እዚህ ገንዘብ ዕቃ አጣ። ስለዚህም የሁለቱ መድኃኒት አንድ ሊሆን አይችልም።

የጉዳቱን መጠን ለመገመት ያህል፣ በዓለም ባንክ አሃዝ መሠረት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እ.ኤ.አ. በ1991 ከ7 በመቶ በላይ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ከ8 በመቶ በላይ ቀነሰ። በዚያው በ1991 የዕቃ ዋጋ ከ35 በመቶ በላይ ጨምሯል። ቀድሞውኑ ከድሆች ተርታ በነበረ አገር ይህ ማለት ለብዙ ቤት አንድ ማዕድ ማጠፍ ማለት ነበር።

፪. መንሥኤዎቹ

አንደኛው መንሥኤ ዋጋ በትእዛዝ መወሰኑ ነው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል ከገበሬው በኮታና በተቈረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር። በጎጃምና በአርሲ የግል ነጋዴ ከእህል ንግድ ተከለከለ፤ በሌላውም ክፍለ ሀገር ነጋዴው ከገዛው እህል ብዙውን እጅ፣ ባመዛኙ ግማሹን፣ ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳይሻገር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ዓላማው ከተሜው በርካሽ እንዲበላ ነበር። ገበሬው ግን ድካሙን የማይመልስ ዋጋ ሲሰጠው ለገበያ የሚያመርተውን ቀነሰ፤ ያመረተውንም ሸሸገ። ስለዚህ በቀበሌ ሱቅ የተለጠፈው ዋጋ ርካሽ ሆነ፤ እህሉ ግን አልተገኘም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

በብር ላይ የተደረገውም ይኸው ነበር። ከ1965 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም እንዲመነዘር ተወሰነ፤ ዓለም ሲለዋወጥም ይህ ተመን ለሃያ ዓመት ያህል አልተነካም። በዘመኑ መጨረሻ ዶላር በጥቁር ገበያ 7 ብር ገደማ ያወጣ ነበር። ቡናውን ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ለእያንዳንዱ ዶላር የሚያገኘው 2 ብር ከ07 ከሆነ፣ ቡናውን በኮንትሮባንድ በድንበር ማሻገር ይቀለዋል። መንግሥትም ዶላር ባጣ ቍጥር ተመኑን ከማስተካከል ይልቅ ፈቃዱን አጠበቀ።

ሁለተኛው መንሥኤ የግል ሥራ እጁ መታሰሩ ነው። በታኅሣሥና በጥር 1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለ መሬት ቀንበር ስላወጣው በደስታ መቀበሉን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ሌላ ሕግ የግል ኢንዱስትሪ ካፒታል ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ፣ አንድ ሰውም ከአንድ የንግድ ሥራ በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። ሱቁ የተሳካለት ነጋዴ ትርፉን ወደ ፋብሪካ ሊያሳድገው አልቻለም። ገንዘቡን ቀበረ፣ ወርቅ ገዛበት፣ ወይም ድግስ ደገሰበት።

ሦስተኛው መንሥኤ ጦርነት ነው። በሰሜን ለረጅም ዓመታት የተካሄደው ጦርነት በዘመኑ መጨረሻ ከመንግሥት መደበኛ ወጪ ግማሽ ያህሉን ይወስድ ነበር። ከዚህም በላይ የሚያርሰውን ወጣት ወሰደ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ከመንግሥት እጅ ስትወጣ ከዋናዎቹ ሁለት ወደቦች አንዱ ታጣ።

አራተኛው መንሥኤ ድርቅ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ስንት መቶ ሺህ ሕዝብ እንደ ጨረሰ ዓለም የሚያውቀው ነው። ዝናብ መቅረቱ የሰው ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ዮሴፍ በግብፅ እንዳደረገው በጥጋቡ ዓመት ያከማቸ አገር የክፉውን ዓመት ያልፈዋል፤ እህሉ በኬላ የታገደበት፣ ገበሬውም ጎተራውን ለመሙላት የፈራበት አገር ግን የአንድ ዓመት ድርቅ ይጥለዋል።

አምስተኛው ከውጭ የመጣ ነው። ቡና ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ ያስገኝ ነበር። የዓለም የቡና ስምምነት ለእያንዳንዱ አምራች አገር ኮታ እየመደበ ዋጋውን ይደግፈው ነበር። በሰኔ 1981 ዓ.ም. መጨረሻ ይህ ኮታ ሲፈርስ የቡና ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት በራሷ ችግር ተይዛ ለአገራችን ትሰጥ የነበረውን የጦር መሣሪያና ሌላ ርዳታ ቀነሰች።

እነዚህን አምስት መንሥኤዎች አንድ ላይ ስናያቸው ድርቅ፣ ጦርነትና የቡና ዋጋ መውደቅ ሌሎች አገሮችንም እንደ ጎዱ እንረዳለን። የእኛን የከፋ ያደረገው የመጀመሪያው ነው። ዋጋ ለኤኮኖሚ እንደ ሰውነት ትኵሳት ነው፤ በሽታ ሲገባ ይናገራል። ትኵሳቱ እንዳይታይ በሕግ ሲከለከል በሽታው ውስጥ ለውስጥ ሄደ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ምሳሌ ለመንግሥትም ይሠራል።

፫. የቦሌ አጥር

ለዚህ አሳብ ማስረጃ የሚሆን ነገር በሰፈራችን ይገኛል። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ውስጥ የሚሠራው የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ድርጅቶች ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነበር። ይሁን እንጂ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በካፒቴን መሐመድ አህመድ መሪነት በንግድ ሥርዓት እንዲተዳደር፣ ሠራተኛውን በችሎታው እንዲቀጥር፣ አውሮፕላኑንም ከሚሻለው አገር እንዲገዛ ተፈቀደለት። መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት በዚያ ዘመን አየር መንገዱ አሜሪካ ሠራሹን ቦይንግ 767 በ1976 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ አስገባ።

እንግዲህ አጥሩ ውስጥ ሥራው በትክክለኛ ዋጋ ይታሰብ ነበር፤ ትኬቱ በዶላር ይሸጣል፣ ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ ኪሳራ ሲመጣም ይታያል። ከአጥሩ ውጭ፣ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሌላ ሒሳብ ነበር። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ባለቤቱም አንዱ መንግሥት ነው። ልዩነቱ የተነሣው ንብረቱ የማን ነው ከሚለው ብቻ ሳይሆን፣ የሚሠራው ሰው እውነተኛውን ዋጋ ማየትና እንደዚያው መወሰን ይችላል ወይ ከሚለውም ጭምር ነው። ነገሩን ሁሉ በግልና በመንግሥት ባለቤትነት ክርክር ብቻ የሚፈቱ ሰዎች ይህን ምሳሌ ቢያስቡት እንወዳለን።

፬. ውጤቶቹ

የድቀቱ የመጀመሪያ ምልክት ሰልፍ ነበር። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ጤፍ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ነበር። የቤተሰቡ ቍጥር የተመዘገበበት ደብተር ከገንዘብ ይበልጥ ይከበር ጀመር። እናቶች ገና ሳይነጋ ድንጋይ ወይም ቅርጫት በተራ ያስቀምጡ እንደ ነበር ይነግሩናል። ያ ሰዓት በማንም መዝገብ ያልተጻፈ ግብር ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው በሥራ ላይ የታየ ነው። ፋብሪካዎች የሚቈሙት ሠራተኛ አጥተው ሳይሆን መለዋወጫና ጥሬ ዕቃ የሚገዙበት ዶላር አጥተው ነው። ሠራተኛው ግን አይቀነስም። ደመወዝ ይከፈላል፤ ምርት የለም። እንደዚህ ያለ ደመወዝ የሚያሳድደው ዕቃ ስለማይኖር ዋጋን ብቻ ይጨምራል።

ሦስተኛው የቤት ጉዳይ ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች ለቀበሌ፣ ኪራያቸው ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የደሀው ኪራይ ተቀነሰለት፤ ይህም ትልቅ እፎይታ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ኪራይ ጣራ መጠገን አልተቻለም፤ ለማከራየት ብሎ የሚሠራም አልተገኘም። ቦሌ ውስጥ ከተወረሱት ቪላዎች ብዙዎቹን ኤምባሲዎችና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሰዎች ተከራዩዋቸው። የከተማው ልጅ ግን አግብቶም ከወላጆቹ ቤት ለመኖር ተገደደ። ገርጂና አያት በዚያን ጊዜ ከሞላ ጎደል የእርሻ ማሳ ነበሩ።

አራተኛው ሁሉ የማይቈጥረው የጠባይ ጉዳት ነው። ሕጋዊው ዋጋና እውነተኛው ዋጋ ሲራራቁ፣ ሐቀኛ ሰው ሕግ ሳይጥስ መኖር ያቅተዋል። ጥቂት ኪሎ ጤፍ በኬላ ደብቃ የምታሳልፍ እናት ወንጀለኛ ተባለች፤ ልጇም ሕግ ማለት የሚሸሹት ነገር ነው ብሎ አደገ። ይህ ልማድ ከድቀቱ በኋላ ረጅም ዕድሜ እንዳለው እናምናለን።

፭. የመንግሥት የማገገሚያ ሙከራ

የማስተካከያው የመጀመሪያ ርምጃ የተነገረው ገና በደርግ ጊዜ ነው። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኤኮኖሚ መታወጁን ገለጹ። የእህል ኮታ ቀረ፣ ኬላው ተነሣ፣ የካፒታሉ ወሰንም ተሰረዘ። የእህል ንግድ ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ከተማው ደጃፍ ደርሶ ስለ ነበር ገንዘቡን አውጥቶ የሚሠራ ሰው አልተገኘም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጭንቅ ሰዓት የታወጀ ማሻሻያ እምነት አያገኝም።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። የሽግግሩ መንግሥት በኅዳር 1984 ዓ.ም. አዲሱን የኤኮኖሚ ፖሊሲ አወጣ። ከዚያ በኋላ የተሠራውን በአምስት ልንከፍለው እንችላለን።

ሀ/ የጦሩ መበተን። ቍጥሩ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ፤ እነሱን የሚያቋቁም ኮሚሽንም ተመሠረተ። ብዙዎቹ ወደ እርሻ ተመለሱ።

ለ/ የአስቸኳይ ጊዜ የመልሶ ግንባታ ፕሮግራም። በ1984 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ፕሮግራም አቆሙ። ገንዘቡ የመኪና መለዋወጫ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ለማስገባት የታሰበ ነበር። የቆመ መኪና ጎማ ካገኘ እህል ያመላልሳል፤ ስለዚህ አዲስ ፋብሪካ ከመትከል ይልቅ የቆመውን ማስነሣት መቅደሙ ትክክል ነበር።

ሐ/ የብር ተመን። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ሰው ዋጋ ሁሉ ከእጥፍ በላይ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ የተፈራው ያህል አልሆነም። ምክንያቱም ነጋዴው አብዛኛውን ዕቃ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው በ7 ብር እያሰበ ይሸጠው ነበር። እውነተኛው ዋጋ በስውር ሲከፈል ኖሯል፤ አዋጁ ያደረገው ስውሩን መግለጥ ነው።

መ/ መሬትና ባንክ። ለግንባታ የሚፈልገውን ቦታ ሰው ለተወሰነ ዘመን በሊዝ እንዲይዝ የሚፈቅደው አዋጅ ቍጥር 80 በ1986 ዓ.ም. ወጣ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ ግን ቀጠለ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አጸናው። በ1986 ዓ.ም. በወጣ ሌላ አዋጅ ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አዋሽ ባንክ ተመሠረተ።

ሠ/ የመንግሥት ድርጅቶች። አንዳንዶቹ ለግል ተሸጡ፤ የቀሩት በራሳቸው ገቢ እንዲተዳደሩ ታዘዘ። ለዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁሉ ይሰጥ የነበረው የሥራ ምደባም ቀረ።

፮. ምን ዳነ? ምን አልዳነም?

በሽተኛው መነሣቱን መካድ አይቻልም። በዓለም ባንክ አሃዝ መሠረት ምርት እ.ኤ.አ. በ1993 13 በመቶ ያህል አደገ። በዚህ ውስጥ የሰላሙና የዝናቡ ድርሻ ከፖሊሲው የሚያንስ አይመስለንም። ሱቁ ሞላ፤ የራሽን ደብተሩም ወደ ሣጥን ገባ። በቦሌ መንገድ ላይ ከሊዝ አዋጅ በኋላ ፎቅ በፎቅ ላይ ተነሣ፤ ከተማውም ገርጂንና አያትን አልፎ ወደ ምሥራቅ ሄደ።

ነገር ግን ሰልፉ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ቀድሞ ሰው የሚሰለፈው ገንዘብ ይዞ ዕቃ ለማግኘት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰለፈው ዕቃ እያየ ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ ለመለመን ነው። የተበተነው ወታደር ሁሉ ወደ እርሻ አልተመለሰም፤ አንዳንዱ የደንብ ልብሱን እንደ ለበሰ በየመንገዱ ሲለምን ታይቷል። ከመንግሥት ድርጅት የተቀነሰው ሠራተኛ የያዘው ሙያ ለአዲሱ ገበያ የሚሆን አልነበረም። ከከተማው በስተ ምሥራቅ የነበረው ገበሬም ማሳው ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ ጥቂት ካሳ ተቀብሎ በዚያው በቀድሞ መሬቱ ላይ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ሆነ። የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ እርሱ ከሒሳቡ ውጭ ነበር።

ይህን የምንለው ማሻሻያው ባይደረግ ይሻል ነበር ለማለት አይደለም። ዋጋ እውነት እንዲናገር ማድረግ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን የሚሰማው ሰው ሁሉ እኩል አቅም የለውም። ዶላር ያለው ሰው ተመኑ ሲለወጥ ያተርፋል፤ ደመወዙ በብር የተቈረጠው ሰው ይጐዳል። ሐኪም መራራ መድኃኒት ሲያዝ ታማሚው ምን በልቶ እንደሚውጠው መጠየቅ አለበት።

፯. መደምደሚያ

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፉን ያህል ያወጣ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በባንክም ከ100 ብር አለፈ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብድር ፈቀደ። የ1985ቱን ታሪክ ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ተመኑ ረጅም ጊዜ ተይዞ፣ ልዩነቱ ሰፍቶ፣ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። በቡና ኮታ የታየው ከውጭ የሚመጣ ድንጋጤም እንደዚሁ ተደግሟል፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለአገራችን ሰጥታው የነበረውን የአጎዋን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስታግድ፣ በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉት ወጣቶች ሥራቸው በሌላ አገር ውሳኔ ላይ የቆመ መሆኑን አዩ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ እውነቱን ቀደም ብሎ በጥቂት በጥቂቱ የሚናገር መንግሥት ሕዝቡን አነስተኛ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሃያ ዓመት የደበቀ ግን ዕዳውን ከነወለዱ በአንድ ቀን ያስከፍላል። ሁለተኛው፣ ማገገም የሚለካው በሱቁ መሙላትና በፎቁ ቁመት ብቻ አይደለም። አንድ ማሻሻያ ተሳክቷል ከማለታችን በፊት ጠዋት በመገናኛ ቆመን ሥራ የሚፈልጉትን የቀን ሠራተኞች ልንቈጥር ይገባናል። እናቶቻችን ድንጋይ አስቀምጠው ተራ የጠበቁበት ሰልፍ አልፏል። የልጆቻቸው ሰልፍ የሚያልፈው መቼ እንደ ሆነ መመርመር ግን ኤኮኖሚ የምንማረው የእኛ የቤት ሥራ ነው።